የማዳም ሆዳንን ማዘርቦርድ ያጣደፍኩበት ሳምንት

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣኝ ይኸውላችሁ፦ ሁለት ራም፣ አንድ ደህና ቬንቲላተር፣ ያልተከፈተ የጥርስ ሳሙና፣ የመናዊው ጎረቤቴ ዓሊ ዓሣ የሚያቆይበት በረዶ፣ አንድ የፈረንሳይኛ መጽሔት፣ እና ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያስገባ የገዛ ሥጋዬ። መጽሔቱን የበላችው ፍየል ናት። ሥጋዬን የበላው ፍርሃት ነው። የፍየሏን ባለቤት ፈልጌ አጣሁት፤ የፍርሃቱ ባለቤት እኔው ስለሆንኩ ለማንም አቤት አላልኩም።

እኔ ነጋዴ ነኝ። ጅቡቲ እንደመጣሁ ነጠላ ጫማ ሸጥኩ፤ ቀጥሎ ቬንቲላተር፣ ማለት የነፋስ ማራገቢያ፤ ቀጥሎ ሬዲዮ፤ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሰባት ላይ ደግሞ ካርቲየ 3 የሚባል ሰፈር ውስጥ ከዱባይ የሚመጣ ያገለገለ ኮምፒውተር እሸጥ ነበር። ኮምፒውተርም የምሸጠው ቬንቲላተር እሸጥ በነበረበት ዘዴ ነው፤ እሰካዋለሁ፣ ከዞረ ደህና ነው እላለሁ። ውስጡ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ "ውስጡ ንጹሕ ነው" እለዋለሁ። ውሸት የለበትም፤ በጨርቅ ጠርጌዋለሁ።

ማዳም ሆዳን ደንበኛዬም ጋራንቴም ናት። ጋራንት ማለት ለማታውቁት፣ የውጭ ሰው የመኖሪያ ወረቀቱን በየዓመቱ ሲያሳድስ "ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ካጠፋ እኔን ጠይቁኝ" ብሎ የሚፈርምለት የአገሬው ዜጋ ነው። ስለዚህ ጋራንት ከአማት በላይ ይከበራል፤ አማት ብትቀየም ትኮርፋለች፣ ጋራንት የተቀየመ ቀን ግን አገር ነው የምትለቁት። ማዳም ሆዳን ሶማሌ ናት፤ ልጅነቷን ድሬዳዋ አክስቷ ዘንድ ያሳለፈች፣ እዚያው የተማረች፣ አማርኛዋ እንደ ድሬዎች ወንዱንም ሴቱንም "አንቺ" እያለ የሚያስተናግድ። መጀመሪያ "እርስዎ" ብያት ነበር። አርጅቻለሁ እንዴ ብላ ተቆጣች፤ ከዚያ ወዲህ እኔም አንቺ፣ እሷም አንቺ ሆነን ቀረን። ሥራዋ ሰርግ መቅረጽ ነው። በከተማው ውስጥ ያገባ ሰው ሁሉ፣ የተፋታውም ጭምር፣ እሷ ቤት ፊልሙ አለ።

አሁን ደግሞ ራፍል የሚባለውን ነገር ልንገራችሁና ወደ ጉዳዬ ልግባ። አንድ ትልቅ የፖሊስ መኪና መንገድ ዳር ይቆማል፣ ወረቀት ይጠየቃል፣ ወረቀት የሌለው ይጫናል፣ ደወሌ ድንበር ላይ ይራገፋል። ወደ የመን ሊሻገሩ የሚያልፉት ልጆቻችን ለምደውታል፤ ተጭነው ይሄዳሉ፣ በእግራቸው ይመለሳሉ። እኔ ግን ሱቅ አለኝ። ሱቅ በእግሩ አይመለስም። የዚያ ዓመት ወረቀቴ የሚያልቀው ደግሞ ሐምሌ ውስጥ በዋለ አንድ ዓርብ ነበር። ዓርብ ቢሮ ዝግ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ከቀትር በፊት የማዳም ሆዳን ፊርማ ያለበት ወረቀት ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባለው ሰፈር ያለው ቢሮ መግባት አለበት፤ ካልገባ ከቅዳሜ ጀምሮ መኪና ሲቆም ባየሁ ቁጥር ማዳበሪያ ውስጥ መደበቅ ሊኖርብኝ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ማዳም ሆዳን ኮምፒውተሯን በታክሲ አስጭና መጣች። ፊልም ቆርጣ ቀጥላ ከጨረሰች በኋላ ማሽኑ ሁሉንም አንድ ላይ "እስኪያበስለው" ድረስ ቀን ከሌሊት ይፈጃል፤ እሷ የምትለው እንደዚያ ነው፣ ማብሰል።

"ሙሽራዋ ልትወልድ ነው አቦ" አለችኝ። "የሰርጓ ፊልም ገና እሳት ላይ ነው። ወይ ይቺን አፍጥኚልኝ፣ ወይ ሌላ ሽጪልኝ።"

ጤነኛ ነጋዴ በዚህ ጊዜ ሌላ ይሸጣል። የኔ ዕቃ ግን ኮንቴይነሩ ውስጥ ነው፣ ኮንቴይነሩ ወደብ ነው፣ ወደቡ ደግሞ አይቸኩልም። ደንበኛን "የለኝም" ብሎ መመለስ ከጥርስ ሕመም በላይ ያመኛል። ከጥቂት ሳምንት በፊት አንድ አገሩ የሚገባ የፈረንሳይ ወታደር ዕቃውን ሲሸጥ አንድ የኮምፒውተር መጽሔት በነጻ ጨምሮልኝ ነበር፤ በገበያ ፈረንሳይኛዬ ሥዕሉን እያየሁ ጥቂት ገጽ ገፍቻለሁ። ከዚያ የለቀምኩት ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"ኦቨርክሎክ አደርግልሻለሁ" አልኳት።

"ምን ማለት ነው?"

እኔም ገና ማወቄ ነበር። "ሰዓቱን ማስቀደም ማለት ነው" አልኩ። ቃሉን ለሁለት ስሰነጥቀው የወጣው እሱ ነው።

"ሰዓቱን ካስቀደምሽው ፊልሙ ቶሎ ይበስላል?"

"እንደዚያ ነው።"

 ከዚያ ሐሙስ ጠዋት ማሽኗን ልትወስድ ስትመጣ የኔንም ወረቀት ይዛ እንደምትመጣ፣ አንድ ላይ እንደምንጨርሰው ነግራኝ ሄደች። ልብ በሉ፣ አላስፈራራችኝም። "ማሽኔን ካበላሸሽ አልፈርምም" የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ቢወጣ ይሻለኝ ነበር፤ የተነገረ ዛቻ መጠን አለው፣ ያልተነገረውን ግን ሰው ራሱ ነው የሚለካው፣ እኔ ደግሞ ስለካ እጄ ከባድ ነው።

ረቡዕ ጠዋት የማሽኑን ጎን ፈትቼ ከፊቱ ተቀመጥኩ። ውስጡ አንድ ሰፊ አረንጓዴ ሰሌዳ አለ፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ የተሰካ ነው። እኛ ማዘርቦርድ እንለዋለን፣ ፈረንሳዮቹ ካርት ሜር ይሉታል፤ በሁለቱም እናት ናት። ስሙ ራሱ አስፈራኝ። አባት ቢባል ትንሽ ይቀለኝ ነበር፤ እናት በምትባል ነገር ላይ ካቻቢቴ ይዞ መነሳት ደስ አይልም።

ከመጽሔቱ ጋር የተለጠፈ ሲዲ ነበር፤ ሲዲው ላይ ደግሞ ቤንችማርክ የሚባል መፈተኛ። ይኼ ለማሽን የሚሰጥ ማትሪክ ነው። ያስደምረዋል፣ ያባዛዋል፣ ያሯሩጠዋል፣ መጨረሻ ላይ ነጥብ ይሰጠዋል። የማዳም ማሽን እንዳለ ስትፈተን ሦስት ሺህ አንድ መቶ አመጣች። ብዙ ይሁን ትንሽ አላውቅም፤ ግን ከፍ ሊል የሚችል ቁጥር አይቶ ዝም የሚል ነጋዴ አላየሁም።

ቀጥሎ ማሽኑ ከመንቃቱ በፊት አንድ ቁልፍ ደጋግሜ መታሁና ሰማያዊው ገጽ ተከፈተ፤ ባዮስ ይባላል። ኮምፒውተሩ በእንቅልፍ ልቡ የሚናገርበት ቦታ ነው፤ እዚያ ያዘዛችሁትን ሲነቃ ይፈጽማል፣ ማን እንዳዘዘው ግን አይጠይቅም። መጽሔቱ ያሳየኝን የፍጥነት ቁጥር አገኘሁ፤ ሁለት መቶ ይላል። ሁለት መቶ አሥር አደረግሁት። እጄ ላብ ስለነበረው ቁልፉ ሁለቴ የተመታ መስሎኝ ዐሥራ አምስት ጊዜ አረጋገጥኩ። ማሽኗ ተነሣች። ነጥቧ ጨመረ።

ፍርሃቴ ለጥቂት ደቂቃ ኩራት ሆነ። በዚያች ሰዓት አንድ ሰው ገብቶ ቬንቲላተር ቢጠይቀኝ ኖሮ እዚያ ማዶ ሂድ እለው ነበር፤ እኔ አሁን የማሽን ሐኪም ነኝ። ሁለት መቶ ሃያ አደረግሁት። ነጥቡ አሁንም ጨመረ። ግን ከነጥቡ ጎን ሙቀት የሚል ሌላ ቁጥር ነበር፤ እሱም አብሮ ይማራል፣ እንዲያውም ከነጥቡ ይበልጥ ጎበዝ ነው።

የሐምሌን ጅቡቲ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሐምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሣ ከተማው በሙሉ የተከፈተ የዳቦ ምድጃ አፍ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። በዚያ ሙቀት ሰው እንኳ ሁለት መቶ ላይ አይሠራም፤ እኔ እናትን ሁለት መቶ ሃያ ላይ አስሮጣለሁ። ቁጥሩ ሰባን አለፈ። ብድግ ብዬ ከጎኔ ዓሣ ወደሚሸጠው ዓሊ ሮጥኩና በረዶ ጠየቅሁት። ዓሊ አማርኛው ትንሽ ነው፣ አረብኛዬም ትንሽ ነው፤ ለንግድ ይበቃናል፣ ለፍርሃት ግን አልበቃንም። የታመመ ሰው ያለ መስሎት ሳጥኑን አንሥቶ ተከትሎኝ ገባ። ሆዱ የተከፈተውን ማሽን ጎንበስ ብሎ አየ፣ አሸተተ፣ በዓሣ ነጋዴ ዓይን መዘነ፣ ከዚያ ራሱን ነቅንቆ እስከ ማታ እንደማይቆይ ነገረኝ።

በረዶውን በፌስታል አድርጌ ከቬንቲላተሩ ፊት አንጠለጠልኩት፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ወደ ማሽኑ ሆድ ገባ። ሙቀቱ ወረደ። አሰብኩበትና ተደነቅሁ። ተደንቄ ሳልጨርስ በረዶው ቀለጠ፣ ፌስታሉ አንጠባጠበ፣ ውሃው መጽሔቱ ላይ ፈሰሰ፤ መጽሔቱን ፀሐይ ላይ ላሰጣው ደጃፍ ላይ ዘርግቼ ተመለስኩ፤ በዚህ መሃል የተረፈው ውሃ ቬንቲላተሩ ውስጥ ገባና ቬንቲላተሩ "ጭስ" ብሎ ቆመ። የተቃጠለ ነገር ሲሸተኝ እናት ሞተች ብዬ ደረቴን ያዝኩ። ቬንቲላተሩ መሆኑን ሳውቅ አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ወደ ደጃፍ ስወጣ ግን መጽሔቱ ላይ ፍየል ቆማለች። የጅቡቲ ፍየል ሣር የምታየው በሥዕል ነው፤ ያደገችው በካርቶን ነው። አጠገቧ ስደርስ የምታኝከው ገጽ ላይ ጥቁር ስክሪን ተሥሎ ነበር፤ ከሥሩ ምን ማድረግ እንዳለብኝ የሚናገር ጽሑፍ ነበረ መሰለኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ዋጠችው።

አሁን እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ይህን ጽሑፍ አትይዙም ነበር። ሁለት መቶ ሃያ ለማዳም ይበቃት ነበር። ነገር ግን ሦስት ሺህ አራት መቶ ያመጣች ማሽን ሦስት ሺህ አምስት መቶ ለማምጣት ምን ያንሳታል የሚል ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ሁለት መቶ አርባ አደረግሁት።

ስክሪኑ ጠቆረ። ማሽኗ አንድ ረጅም ድምፅ አሰማች፤ ዝም አለች፤ ደግማ አሰማች። ኮምፒውተር ሲጮህ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ የከባድ መኪና ወደ ኋላ መሄጃ ድምፅ ነው የሚመስለው። በቃ ወደ ኋላ እየሄድኩ እንደሆነ ታወቀኝ። ሱቁን፣ መደርደሪያውን፣ ደወሌን፣ ድሮ ነጠላ ጫማ ስሸጥ የቆምኩበትን ጥግ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አየሁት። አጥፍቼ አበራሁ፤ ጮኸች። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፤ ጮኸች። ዓሊ ድምፁን ሰምቶ በበሩ ብቅ አለና አንገቱን በሐዘን ዘንበል አድርጎ ተመለሰ።

ጌታነህን እስካሁን አላስተዋወቅኋችሁም። ከአዲስ አበባ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ወደብ ላይ ጭነት እስኪደርሰው ከሱቄ ጓዳ ይተኛል፣ ከቀትር በኋላ ጫቱ ሲገባ ደግሞ እዚያው ይቅማል። በዚያን ሰዓት እንኳን እኔ ከተማው በሙሉ ዝም ይላል፤ ስለዚህ የማሽኗ ጩኸት ቁልጭ ብሎ ነው የተሰማው። ጌታነህ አንድ ጉንጩ አብጦ ወጣ።

"ከልክ በላይ ጫንክባት" አለኝ።

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"እኔ መኪናዬ እንዲህ ስትለኝ ባትሪዋን ነቅዬ ትንሽ እጠብቃለሁ። የሰራችውን ኃጢአት ትረሳለች።"

ምክሩ የሹፌር ነው፣ ግን ሌላ ምክር የሚሰጠኝን ገጽ ፍየል ይዛው ሄዳለች። እናት ላይ እንደ ፍራንክ ክብ የሆነች ትንሽ ባትሪ አለች። ነቀልኳት። ጌታነህ ጫቱን እየቀነጠሰ፣ እኔ ጥፍሬን እየቀነጠስኩ ጠበቅን። መለስኳት። አበራሁ።

ተነሣች። ሁሉንም ረስታ ተነሣች፤ ሁለት መቶ አርባውን፣ ሁለት መቶ ሃያውን፣ ሁሉንም። የትኛው ቀን እንደሆነ እንኳ ረስታ በሰማያዊው ገጽ ላይ ቀን ስጡኝ አለች። በደስታ ከጀርባዬ ግድግዳ ላይ ካለው ካላንደር ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን አይቼ ሞላሁላት፤ ሰዓቱን ከእጄ ላይ። ካላንደሩን የሰጠኝ ድሬዳዋ ያለ አከፋፋይ ነው፤ ሱቄ ውስጥ እውነት የሚናገር አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ማፍጠኑ ይቅር ብዬ ተሳልኩ። እንደነበረች ብቻ ልመልሳት፣ "ቁጥሯን አየሁት፣ ከዚህ በላይ አትችልም" ማዳምን እላታለሁ፣ ይገባታል።

ለማረጋገጥ ያህል ማዳም ፊልም የምትሠራበትን ፕሮግራም ከፈትኩ። ፕሮግራሙን በዚያው ዓመት ጥር ላይ ፈቃድ ከፍላ የገዛችው ነው። ስክሪኑ መሃል ላይ ቀይ ሳጥን ወጣ። ሁለት ቃል ነው ያነበብኩት። ሌላውን ዓይኔ አልፈቀደልኝም።

ኖን ቫሊድ።

አይሠራም፣ ዋጋ የለውም ማለት ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ። በዚህ ከተማ ለሚኖር እንደኔ ያለ የውጭ ሰው እነዚህን ሁለት ቃላት ከማየት እባብ ማየት ይሻላል። ቢሮው ያንን ማኅተም ወረቀት ላይ ሲመታ ሰምቻለሁ፤ ድምፁ አጭር ነው። ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። እናት ከውጭ ደህና መስላ ውስጧ ተቃጥሎ፣ ፕሮግራሙን ይዛው ሞታለች ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት በፍርሃት ነው እንጂ በእውቀት አልነበረም። ራሟ፣ ማለት ማስታወሻዋ፣ ይሆናል ብዬ ከሱቄ ራም አውጥቼ ቀየርኩ፤ በረዶ የነካ እጄን ሳልጠርግ ስለነካሁት አንዱ ሞተ። ሁለተኛውን በግልባጭ ልሰካው ታገልኩ፤ ተሰበረ። የራሷን ራም መለስኩ፤ ኖን ቫሊድ። በሙቀት የተጎዳች ይሆናል ብዬ የልቧን ማቀዝቀዣ ፈታሁ፤ ከሥሩ የደረቀ ነጭ ቅባት አገኘሁ። እንዲህ ያለ ቅባት ጅቡቲ ውስጥ ማን እንደሚሸጥ አላውቅም። ነጭ ነው፣ ከቱቦ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል። የጥርስ ሳሙና ቀባኋት። ሱቁ በሙሉ ናና ናና ሸተተ። ኖን ቫሊድ።

ጌታነህ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ ጭነቱ እንደደረሰና ሐሙስ ማለዳ እንደሚወጣ ነገረኝ። ከዚያ ሱቄን ዙሪያውን በዓይኑ መለካት ጀመረ።

"ካቢን ውስጥ ቦታ አለኝ" አለ።

"ለምን?"

"ለምን አይባልም ወንድሜ። ይዘህ የምትወጣውን ዛሬ ብታስር በራስህ ፈቃድ ትሄዳለህ። ቆይተህ ብትሄድ ሌላ ሰው ነው የሚጭንህ። ፍሪጅህ ግን አይገባም።" ትንሽ አሰበ። "ፍሪጁን ለኔ ሽጠህ ሂድ።"

"ጭነህ ከማትወስደው ፍሪጅ ምን ታገኛለህ?"

"ዓሊ ይገዛኛል። ተነጋግረናል።"

ገና በሕይወት እያለሁ ውርሴ እየተከፋፈለ ነበር። ሌሊቱን አልተርክላችሁም፤ ሁላችሁም ሌሊት ታውቃላችሁ። ማለዳ ላይ ጌታነህ መኪናውን አሙቆ ጥሩንባውን ነፋልኝ፤ ሻንጣዬ ታስሮ በሩ ሥር ነበር። ብድግ አልኩ። እግሬ ሊሄድ ፈለገ ወይስ ሊቆም ፈለገ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ብቻ በሩ ላይ ቆሜ በእጄ ሂድ አልኩት። ሄደ። ሱቁን ከፍቼ፣ ወንበር ይዤ፣ ማሽኗን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ እንደ ተከሳሽ ጠበቅሁ።

ማዳም ሆዳን በሰዓቷ መጣች። ቦርሳዋን ከፍታ የኔን ወረቀት ጫፉን አሳየችኝና መልሳ ዘጋችው። "ማሽኔስ?" አለች። አየሩን አሸተተችና "ጥርሷን አፋቅሻት ነው እንዴ?" አለች።

ማሽኗ ትንሽ ማረፍ እንዳለባት፣ ሙቀቱ እንዳስቸገረ፣ ከሰዓት ብትመለስ እንደሚሻል ስቀባጥር ገፍታኝ አልፋ ራሷ አበራቻት። ፕሮግራሙን ከፈተችው። ቀዩ ሳጥን ወጣ። ኖን ቫሊድ። እኔ ስክሪኑን ማየት ትቼ ቦርሳዋን አየሁ። እጇ ቦርሳው ላይ ነበር።

 ከዚያ ወደ ስክሪኑ ታችኛው ጥግ ጎንበስ አለች፤ ዓይኗን አጠበበች፤ መነጽሯን ፈልጋ አደረገች።

"ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?"

"አሥራ ሁለት" አልኩ።

"የምን አሥራ ሁለት?"

"የሐምሌ ነዋ።"

"ዓመቱስ?"

"ዘጠና ዘጠኝ።"

ማዳም ሆዳን መነጽሯን አወለቀች። በጣም ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው ካላንደር ዞረች፣ ቀስ ብላ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ወንበር ገፋሁላት።

"አንቺ፣ ሐምሌን ዐሥራ አንደኛ ወር ብለሽ ሞልተሻል፤ እዚህ ዐሥራ አንድ ማለት ኖቬምበር ነው" አለች። "ኖቬምበር ዐሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ። ድሬዳዋ ትምህርት ቤት የሐበሻን ዘመን ባልቆጥር እኔም አልደርስበትም ነበር፤ ወላሂ መሐንዲስ ብጠራ ማሽኑን ይጥለዋል እንጂ ይኼን አያገኘውም።" ሳቋ አመለጣት። "ማሽኔን ሐበሻ አደረግሻት።"

ልስቅ ሞከርኩ። ፊቴ አልታዘዝ አለ።

"ታዲያ ሐበሻ ስትሆን ፈቃዷ ኖን ቫሊድ ሆነ" አለች ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። "እውነቷን ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ለሁለት ሺህ ሰባት ነው፣ እሷ ገና ዘጠና ዘጠኝ ላይ ናት። ደግነቱ ራፍል ሳያገኛት ደረስኩ።"

ቀኑን አስተካከለችው። ሰዓቱንም አስተካከለችው፤ እሱም በእኛው አቆጣጠር ተሞልቶ ኖሯል። ፕሮግራሙን ደግማ ከፈተችው፣ ተከፈተ፤ ነፍሰ ጡሯ ሙሽራ ገና ነፍሰ ጡር ሳትሆን በነጭ ቀሚስ ወጣች። ካርቶኔ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያለቀ መስሎኝ ነበር።

"ፈጠነች?" አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ደህና ደህና ውሸት ነበረኝ፤ የነጋዴ አፍ ባዶ አይሆንም። ነጥቡ ሦስት ሺህ አራት መቶ ደርሶ ነበር ማለት እችል ነበር፤ እውነትም ነው፣ ደርሶ ነበር። ግን እጇ አሁንም ቦርሳው ላይ ነው። ውሸቱን ፈልጌ ጉሮሮዬ ውስጥ አጣሁት።

"አልፈጠነችም" አልኩ። "እንደነበረች ናት።"

"ሰዓቱን አስቀድማለሁ ብለሽ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መለስሻት?"

"ሰባት ከምናምን።"

 ማዳም ሆዳን ዙሪያዋን አየች፤ የተሰበረውን ራም፣ የተቃጠለውን ቬንቲላተር፣ በሩ ሥር የታሰረውን ሻንጣ። ሻንጣው ላይ ዓይኗ ቆየ።

"የት ልትሄጂ ነበር?"

"ጌታነህ ማለዳ ወጣ። ቦታ አለኝ ብሎኝ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ አልሄድኩም።"

ቦርሳዋን ከፈተች። ወረቀቱን አውጥታ የማሽኗ ጀርባ ላይ ዘረጋችው፤ ብዕር ጠየቀችኝ። "እኔ የምፈርመው 'ይህን ሰው አውቀዋለሁ' የሚል ነው" አለች። "ማሽን ያውቃል የሚል የለውም። ይኼን አድርገሽ ቁጭ ብለሽ ከጠበቅሽኝ አውቅሻለሁ።" እግሬ እምቢ ብሎኝ ሊሆን እንደሚችል አልነገርኳትም። የማይጠየቅ ዕቃ ጉድለቱ አይነገርም፤ ንግድ ላይም እንዲሁ ነው የማደርገው።

ስሜን ሞላች፣ አድራሻዬን ሞላች። አንድ ቦታ ላይ ብዕሯ ቆመ።

"ሙያ ይላል። ምን ልበል? ማክሰኞ ዕለት ሐኪም ሐኪም ይሸትሽ ነበር።"

"ነጋዴ በዪው።"

"ገና ሳልጠይቅሽ ጽፌዋለሁ" አለችና ፈረመች።

ማሽኗን እሷ ቤት አድርሰን፣ በዚያው ታክሲ ወደ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ወጣን። መስኮቱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ደረስን። ጸሐፊው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ማዳምን አየ፣ ማኅተሙን አነሣ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ድምፁ አጭር ነው፤ ለቫሊድም ለኖን ቫሊድም አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያለው፣ ዓይን ካልገለጡ አይለይም። ማዳም ሆዳን በክርኗ ጎሸም ስታደርገኝ ገለጥኩ።

የሙሽራዋ ፊልም በቀድሞው ፍጥነት ቀንና ሌሊት በስሎ ወጣ፤ ልጁ ከፊልሙ ቀድሞ ተወለደ። ሲዘጋ ሒሳቡ ይኸ ነው፦ ማዘርቦርዱ ሁለት መቶ ላይ ይሠራል፣ ወረቀቴ አንድ ዓመት ይሠራል፣ ትርፍ የለም።